ሥራን መቋጨት፦ የወጥ ቤት ሴራሚክ ጠርዝ ያስተማረን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሴራሚክ ሥራ ቡድን የቀረበ ንግግር)



መድረኩን ለሰጠን የሥራ አመራር ኮሚቴ ምስጋናችን የላቀ ነው። ጽሑፉን የምታነብላችሁ አንዷ እህታችን ትሁን እንጂ፣ አምስታችንም በአንድ ጀበና ዙሪያ ተቀምጠን በሦስት ምሽት ያዘጋጀነው ነው። ስለዚህ ጥፋቱም ልማቱም የጋራችን ነው፤ «እኛ» እያልን እንናገራለን።

ከእኛ በፊት የባልትናው ቡድን ስለ ገበያው፣ የእንጀራው ቡድን ስለ መብራት መቆራረጥ ነግረውናል። እኛ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ጠርዝ ነው። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ጠርዝ የቡድናችንን ስም ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከተዘዋዋሪ ፈንዱ የተበደርነውንም ገንዘብ መመለስ ሊያቅተን ነበር። ከመካከላችንም አንዲት እህት ወስዶብናል። ነገሩን ሸፍነን «ሥራችን ጥሩ ነው» ብለን መውረድ እንችል ነበር። ግን ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ደግሞም ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ወጥ ቤታችሁን ታሠራላችሁ። ስለዚህ እንደሆነው አድርገን እንነግራችኋለን።

ሥራውን እንዴት እንደጀመርነው

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዕጣ ሲተላለፉ የቆዩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ማለትም ኮንዶሚኒየሞች፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ሳያልቅ ነው ባለቤቱ እጅ የሚገቡት። ቁልፉን የተረከበ ሰው ልስኑን፣ ቀለሙን፣ የወለሉንና የወጥ ቤቱን ሴራሚክ ራሱ ያሠራል። እኛም ሴቶቹ በእነዚህ ሕንፃዎች ላይ አዲስ አልነበርንም። አሸዋ ነፍተናል፣ ውሃ በጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክመናል፣ ሲሚንቶ አቡክተናል። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላም በስፖንጅ እየወለወልን ነጩን ሲሚንቶ ያጸዳነው እኛ ነን።

ማኅበራችን ሥልጠናውን ሲያመቻችልን፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አሠልጣኛችን በደንብ አስተምረውናል። ውሃ ልክ አያያዝ፣ ቱንቢ መጣል፣ ማጣበቂያ በጥርስ ማንኪያ መቀባት፣ መስመር መጠበቅ ለምደናል። ግን አንድ ነገር ጎድሎን ነበር፤ ያኔ አላወቅነውም። በየሥራው ቦታ መጨረሻው ላይ፣ ጠርዙ በሚሠራበት ሰዓት፣ እኛ ሴቶቹ ዕቃ እንድናጥብ ወይም ሻይ እንድናመጣ እንላክ ነበር። ስንመለስ አልቆ እናገኘዋለን። ስለዚህ መሃሉን ጠንቅቀን አወቅን፤ ጫፉ እንዴት እንደሚያልቅ ግን በዓይናችን አላየንም።

በራሳችን የያዝነው የመጀመሪያው ሥራ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነበር። አሠሪያችን ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ወጥ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእቃ ማጠቢያውና ከምድጃው በላይ ያለውን ግድግዳ በ60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሴራሚክ ልናለብስ ተስማማን። ሴራሚኩ 20 በ30 ነው፤ አቁመን ሁለት ረድፍ ስንለጥፈው ልክ ይመጣል። የግድግዳው ርዝመት 2 ሜትር ከ30 ነበር።

ከውስጠኛው ጥግ ሙሉ ሴራሚክ አድርገን ጀመርንና ወደ በሩ ሄድን። አሥራ አንድ ዐምድ ሙሉ ሙሉውን ለጠፍን። በበሩ በኩል ስንደርስ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ቀረን። በግራይንደር ስስ ቁራጭ ቆርጠን ሞላነው። የተቆረጠው ጎን ወደ ውጭ ነበር፤ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። አስቀያሚ መሆኑን አይተናል። ነጭ ሲሚንቶ በጣታችን ቀባንበትና «ሲደርቅ ያምራል» ተባባልን። እትዬ ከመሃል ቆመው አይተው «እጃችሁ ይባረክ» አሉን፤ ሙሉውን ክፍያም በዚያው ቀን ሰጡን። በዚያው ሕንፃ ሰባት አባወራዎች «የእኛንም ትሠሩልናላችሁ» ብለው ስልካችንን ተቀበሉ። ደረጃውን እየዘፈንን ነው የወረድነው።

ጨርቁ

ከሦስት ወር በኋላ፣ ፋሲካ ሊደርስ ሰሞን፣ እትዬ ደውለው «ልጆቼ፣ ብቅ ብላችሁ ቡና ጠጡ» አሉን። ሄድን። ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ ጠበቁን። ጣታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ምንም አላሉንም። ሁለተኛው ስኒ ላይ ተነሥተው እርጥብ ጨርቅ አመጡና ለአንዳችን ሰጧት። «እስኪ ግድግዳውን ከዚህ እስከ በሩ ጥረጊልኝ» አሏት።

ጨርቁ አሥራ አንዱን ዐምድ እንደ ውሃ አለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ክሩ በቁራጩ ስለት ተያዘ፤ ስትስበው ተቀደደ። የቀባነው ነጭ ሲሚንቶ ግማሹ ተሰነጣጥቆ ረግፏል። የቀረው የአልጫ ወጥ እርድ መጥጦ ቢጫ ሆኗል። እትዬ ለበዓሉ ቤት ሲያጸዱ ነው ያው ቦታ ጣታቸውን የቆረጣቸው።

ከሁሉም በላይ ያሳፈረን አለመቆጣታቸው ነው። «እኔ ሠላሳ ዓመት ደብተር አርሜአለሁ» አሉን። «ልጁ ጎበዝ ሆኖ የመጨረሻዋን መስመር ሳይጽፍ ሲቀር ነው የሚያናድደኝ» ብለው ዝም አሉ።

ከእኛ መካከል ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች እህት አለችን። ብዙም አትናገርም። ያን ዕለት ግን ጨርቁን ተቀብላ ጠርዙን ከላይ እስከ ታች በቀስታ ዳሰሰችውና እንዲህ አለች፦ «እኔ ይህን አውቀው ነበር። ሰባት ዓመት ወጥ ቤት ስጠርግ ጨርቄ የሚያዝበትንና የማይያዝበትን ጠርዝ አንድ በአንድ ለይቻለሁ። የማይያዘው እንዴት እንደተሠራም አይቻለሁ። እናንተ ስትቀቡ ዝም ያልኩት የጽዳት እንጂ የግንባታ ዕውቀት አልመስል ብሎኝ ነው።»

ይህን ቃሏን ዛሬም አንረሳውም። እኛ ጠርዝ መሥራትን ከወንዶቹ አላየንም ብለን እናዝን ነበር። ዕውቀቱ ግን ከመካከላችን ነበር፤ ጨርቅ በያዘ እጅ ላይ። ግድግዳውን የሚያየው እንግዳ ነው፤ የሚጠርገው ግን ባለቤቷ ናት፤ ጠርዙን የምታውቀውም እሷ ናት።

የተከፈለንን ሥራ እንደገና ስለመሥራት

ወሬው ሕንፃውን አዳረሰ። ቃል ከገቡልን ሰባት ቤቶች ስድስቱ ሌላ ሠራተኛ ያዙ። የብድራችንን ወርኃዊ ክፍያ ያቀድነው በእነዚያ ሰባት ቤቶች ላይ ነበር። በማኅበሩ ውስጥም «ይህ ሥራ ለሴት ይከብዳል፤ ገንዘቡ ወደ እንጀራው ቡድን ቢዞር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ያሉትን አንወቅስም፤ በእነርሱ ቦታ ብንሆን እኛም እንደዚያው እንል ይሆናል።

በቡድናችን ውስጥ ክርክር ሆነ። እትዬ ሙሉውን ከፍለውናል፤ የተጻፈ ውል የለም፤ አስገድዶ የሚያሠራን አልነበረም። አንዲት እህታችን «እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የአንድ ሳምንት ነጻ ሥራ አላበላቸውም» አለች። ትክክል ነበረች። እኛም «ጠርዙን ሳናስተካክል ሌላ ቤት ገብተን ሥራ ስጡን ማለት አንችልም» አልን። እኛም ትክክል ነበርን። ስድስት ሆነን ገብተን አምስት ሆነን ወጣን። እህታችን ዛሬ ሌላ ቦታ ትሠራለች፤ በበዓል እንጠያየቃለን፤ ቦታዋ ግን አሁንም ባዶ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው ሁሉንም አፍርሰን ከበሩ በኩል እንደ አዲስ መጀመር ነበር። ነገር ግን ያንኑ ሴራሚክ ፍለጋ መርካቶን ብንዞር፣ ሞዴሉ ቢገኝም ቀለሙ አልገጠመም። የሴራሚክ ካርቶን ላይ ቶንና ካሊበር የሚባሉ ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንደኛው የቀለሙን፣ ሁለተኛው የልኩን ምድብ ያመለክታሉ። ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ ጎን ለጎን ሲለጠፉ ልዩነቱ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ሥራ ከልኩ በላይ አሥር በመቶ ያህል ጨምረን፣ ከአንድ ምድብ፣ በአንድ ጊዜ እንገዛለን። የተረፈውንም ከካርቶኑ ክዳን ጋር ለባለቤቷ እናስቀምጥላታለን።

መፍትሔውን ያመጣችው የቤይሩቷ እህታችን ናት። ቁራጩን ብቻ አንሥተን አሥራ አንደኛው ዐምድ በፋብሪካ ጠርዙ እንዲያልቅ አደረግን። በቀረው 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ከአንድ የግራናይት መቁረጫ ቤት ከተረፈ ቁራጭ ያሠራነውን፣ 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ስስ የግራናይት ዘንግ አቆምን። የውጭ ጎኑንና ስለቱን እዚያው አስለስለን አስወለወልነው። ከሴራሚኩ ጋር በ2 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ አጋጠምነው። ጫፉ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጫፍ ጋር በቱንቢ አንድ መስመር ሆነ። በግራናይቱና በግድግዳው ልስን መካከል የቀረችውን ስንጥቅ በስቱኮ ሞልተን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን ቀለም ቀባናት።

ሲደርቅ እትዬን ጠራናቸው። ጨርቁን ራሳቸው አምጥተው ጠረጉት። ከጥግ እስከ ግድግዳው ቀለም ድረስ ሳይያዝ አለፈ። «አሁን አለቀ» አሉ፤ ሌላ ምስጋና አልጨመሩም። ስድስቱ ቤቶች አልተመለሱም። ነገር ግን እትዬ በእድራቸው ለሴቶቹ ነግረው ኖሮ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከእድሩ አባላት አራት ወጥ ቤት ሠራን። ወደኋላ ቀርቶ የነበረውን የብድር ክፍያም በዚያ ዘጋን።

ጠርዝ ምንድን ነው?

እስኪ አሁን የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ። ሴራሚክ እንደ እንጀራ ነው፤ ዓይኑ በአንድ ፊት ነው። ፊቱ ላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን ውሃና ዘይት አያስገባም። ጎኑና ጀርባው ግን የተጠበሰ ሸክላ ነው፤ በተለይ ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ውሃ ይመጥጣል። ፖርሴሊን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ደግሞ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ አይበልጥም፤ ግን እሱም ቢሆን ጎኑ ሲቆረጥ እንደ ጠርሙስ ስለት ይሆናል። በእኛ ወጥ ቤት ሽሮው ይፈነጥቃል፣ ቁሌቱ ይረጫል፣ እርዱ ያቀልማል። ራቁቱን የቀረ ጠርዝ ይህን ሁሉ ጠጥቶ ያስቀራል።

በአንድ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ አራት ጠርዞች አሉ። ሥራ ከመጀመራችን በፊት አራቱንም እየዞርን እንነካቸዋለን።

የመጀመሪያው የጎን ጠርዝ ነው፤ ያበላሸነው እሱን ነው። አሁን ሙሉውን ሴራሚክ ከሚታየው ጫፍ እንጀምራለን፤ ቁራጩን ወደ ውስጠኛው ጥግ እንገፋዋለን። ጥጉ ጠማማ ቢሆን እንኳ ቁራጩ ጠማማነቱን ይውጠዋል። ጫፉ ላይ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል የሚፈልጉ አሉ፤ ንጹሕና ርካሽ ነው። ግን የፕሮፋይሉ እግር ከሴራሚኩ ሥር፣ በማጣበቂያው ውስጥ ነው የሚቀበረው። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ «እስኪ ፕሮፋይል ጨምሩበት» ማለት አይቻልም። ሲገዛም አንድ ሴራሚክ ይዞ ሄዶ ቁመቱን ከውፍረቱ ጋር ማስተያየት ነው። እርጥብ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ስለሚያበላሸው የነካውን ወዲያው መጥረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የላይ ጠርዝ ነው። ካቢኔት ከላይ የሚሰቀል ከሆነ ሴራሚኩ ካቢኔቱ ሥር ገብቶ ይደበቃል። ካቢኔት ከሌለ ግን ጠርዙ ላይ አቧራና ቅባት ይቀመጣል። እዚያ ፕሮፋይል ወይም ቀጭን የግራናይት ዘንግ እናደርጋለን። አቅም ካልፈቀደ ልስኑን በስቱኮ እስከ ሴራሚኩ ፊት ድረስ አምጥተን እኩል እናደርገዋለን፤ ከዚያ በሚታጠብ ቀለም ይቀባል። ይህ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ሦስተኛው የታች ጠርዝ፣ ሴራሚኩ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጋር የሚገናኝበት ነው። ብዙ ሰው ይህን በነጭ ሲሚንቶ ይዘጋዋል። ግድግዳውና ጠረጴዛው የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ክብደት ሲያገኛቸው እኩል አይንቀሳቀሱም። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ የሳህን ማጠቢያ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ በረሮ ቤቱን ይሠራል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንተውና በሲሊኮን እንዘጋዋለን። የሴራሚኩ መገጣጠሚያ አንድ ቀን ይድረቅ፤ ከላይና ከታች የወረቀት ፕላስተር ይለጠፍ፤ ሲሊኮኑ ይሞላ፤ በሳሙና ውሃ በነከርነው ጣት አንድ ጊዜ ይዳሰስ፤ ፕላስተሩ ሳይደርቅ ይነሣ። ከዚያ ለአንድ ቀን ውሃ እንዳይነካው ባለቤቷን እንለምናታለን። ጠረጴዛው እብነ በረድ ከሆነ ኮምጣጤ የማይሸተውን ሲሊኮን ነው የምንገዛው፤ የሚሸተው ድንጋዩን ያበላሻል።

አራተኛው ሰው የሚረሳው ነው፤ የሶኬትና የመስኮት ዙሪያ። በሶኬት ዙሪያ ስንቆርጥ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው እናጠፋለን። ቀዳዳው በሶኬቱ ክዳን ሥር እንዲደበቅ ልኩን እንወስዳለን። ሴራሚኩ ግድግዳውን ስለሚያወፍረው ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሶኬቱ ይወዛወዛል። በመስኮቱ ጥግ ሁለት ሴራሚክ ወደ ውጭ ሲገናኝ አንዳንዶች ጎኑን 45 ዲግሪ ቆርጠው ማጋጠም ይወዳሉ። ያምራል፤ ግን ተራ ሴራሚክ ላይ ስሱ ከንፈር ቶሎ ይሸረፋል። ለፖርሴሊን ብቻ እንሠራዋለን፤ ከፊቱም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሳንነካ እንተዋለን። ለሌላው ፕሮፋይል ይሻላል።

እዚህ ላይ ከእናቶቻችን የወረስነው አንድ ቃል አለ። ሸማኔው ነጠላውን ሠርቶ ሲሰጣችሁ ጫፉ ላይ ክሩ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ያን ክር በጣት እየገመዱ መቋጨት የሴቶች ሥራ ነው። ካልተቋጨ ነጠላው ከጫፉ ይተረተራል። ለዚህም ነው ማንኛውም ነገር ሲፈጸም «ተቋጨ» የምንለው። እኛ ነጠላ ስንቋጭ ያደግን ሴቶች ጠርዝን መጀመሪያ ማሰብ ሊከብደን አይገባም ነበር። ሸማኔው የሚቋጨውን ክር ከመጀመሪያው ትርፍ አድርጎ ይተወዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚጨመር አይደለም።

ከእናንተ የምንጠይቀው

ከዚህ በፊት ዋጋ ስንነግር በካሬ ሜትር ብቻ ነበር። ጠርዝ በካሬ ሜትር አይለካም። ስለዚህ ማንም አልከፈለንም፤ እኛም አልሠራነውም። አሁን በዋጋ ማቅረቢያችን ላይ «ጠርዝ፣ በሜትር» የሚል መስመር አለ። ባለቤቷ አይታው ትመርጣለች፤ ፕሮፋይል፣ ግራናይት ወይም ስቱኮ። አንዳንዷ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ትላለች። ያን ጊዜ ጨርቅ እንሰጣትና አሁን ያለውን ግድግዳዋን እንድትጠርግ እንጠይቃታለን።

ለማኅበራችን ኮሚቴ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በአባላት የሚሠራ ማንኛውም የግንባታ ሥራ፣ የቀለምም የልስንም ቢሆን፣ አንድ ገጽ የጽሑፍ ውል ይኑረው። በውሉም ላይ ሥራው የት ላይ እንደሚያልቅና ጠርዙ በምን እንደሚዘጋ ይጻፍ። እትዬ ጥሩ ሰው ባይሆኑ ኖሮ ያለ ውል እርሳቸውም እኛም መጠጊያ አልነበረንም።

ሁለተኛው ለለጋሾቻችን ነው። የሰጣችሁን ግራይንደር ሥራችንን አስጀምሮልናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን በደረቁ ሲቆርጥ የሚያነሣው አቧራ ሲሊካ አለበት። ይህ አቧራ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ በሽታውም ፈውስ የለውም። በነጠላ አፍ መሸፈን አይበቃም። ቁርጡ ንጹሕ ሆኖ ሳንባችንም እንዲተርፍ በውሃ የሚቆርጥ አንድ ማሽን፣ ለአምስታችንም ደኅና የአቧራ ጭንብልና የዓይን መነጽር ያስፈልገናል። በስጦታ ባይሆን በብድር ቢሆንም እንከፍላለን፤ መክፈላችንን ደብተሩ ይመሰክራል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለአባላት ነው። ሴራሚክ ስታሠሩ፣ የሚሠራላችሁ እኛም እንሁን ሌላ፣ ሥራው ሳይጀመር ሦስት ነገር ጠይቁ። ሙሉው ሴራሚክ ከየት ይጀምራል? የሚታየው ጎን በምን ይዘጋል? ጠረጴዛውና ግድግዳው የሚገናኙበት በሲሊኮን ነው በሲሚንቶ? መልስ የሌለው ሠራተኛ ጠርዙን ገና አላሰበውም ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ከመሃል ቆማችሁ አትመልከቱ። እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር ጥረጉ፤ ከዚያ ክፈሉ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ እሾሁን ለእትዬ ጣት ትተን ሄደን ነበር። ተመልሰን ያጠርነው ዘግይተን ነው፤ ግን አጥረነዋል።

በመጨረሻ፣ ስድስተኛዋ እህታችን ይህን ጋዜጣ ካነበበች፣ ቦታሽ እንዳለ ነው። በሚቀጥለው ወር የምንጀምረው ወጥ ቤት ጠርዙ በዋጋው ውስጥ ተጽፏል፤ ነጻ ሥራ የለበትም።

 ቡናው ደርሷል።